ቸኮሌት፣ ቡናና ጾም

በሉማሜ በጾም ወራት «ቡና ፈሳሽ ነውና፣ ጾም ይሽራልን?» ተብለን እንጠየቃለን።

ተመሳሳይ ጥያቄ በ17ኛው መቶ ዓመት በእስፓኝና በሮም ስለ ቸኮሌት ተነሥቶ ነበር። ቸኮሌት ያኔ የሚገመጥ ጣፋጭ ሳይሆን ከሜክሲኮ የመጣ መጠጥ ነበር፤ የካካዎ ፍሬ ተቆልቶና ተፈጭቶ በውኃ ይበጠበጣል። በላቲን ሥርዓት ጾመኛ በቀን አንድ ጊዜ ይመገብ ነበር፤ ጥም የሚቆርጥ መጠጥ ግን ጾምን አይሽርም። ታዲያ ቸኮሌት ምግብ ነው ወይስ መጠጥ? አንቶኒዮ ደ ሌዎን ፒኔሎ በ1636 እ.ኤ.አ. በማድሪድ በዚሁ ላይ መጽሐፍ አሳተመ፤ ብፁዕ ካርዲናል ብራንካቾም በ1664 እ.ኤ.አ. በሮም ባሳተሙት ድርሰት መጠጡ ጾም እንደማይሽር አስረዱ። ወተትና ዕንቁላል ጨምሮ «ጠጣሁ እንጂ አልበላሁም» ማለት ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ራስን ማታለል ነው።

ይህ መልስ ለአገራችን ጾም አይበቃም፤ በግእዝ ሥርዓት ትውፊት ጾሙ እስከሚፈታበት ሰዓት ውኃም አይቀመስምና። ካቴኪስቶቻችን ይህን ከሌላ የቆየ ነቀፌታ ጋር እንዳያደባልቁ እንለምናለን። ክርስቲያኖች ቀድሞ ቡናን ይርቁ የነበረው የሙስሊሞች መጠጥ ነው በማለት እንጂ ስለ ጾም አልነበረም። ነቀፌታው እየላላ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ ደከሙ።