ግብር ሰብሳቢው ልጁን ምን አስተማረው

በአሜሪካ አገር፥ በቬርሞንት ግዛት፥ በተራሮች መካከል ፕሊመዝ ኖች የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ካልቪን ኩሊጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. በዚህች መንደር ተወለደ። አባቱ ጆን ኩሊጅ እርሻም ሱቅም ነበረው፤ ደግሞም ከሰፈሩ ሰዎች ግብር ይሰበስብ ነበረ። ልጁም አባቱን እየተከተለ ከቤት ወደ ቤት ይሄድ ነበረ።

የዚያ አገር ክረምቱ ረዥም፥ ብርዱም ብርቱ ነው፤ ገንዘብም በቀላሉ አይገኝም። ካልቪን በ1929 ዓ.ም. ስለ ሕይወቱ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ግብር በተጣለ ጊዜ ገንዘቡን ለማግኘት የሚደክም ሰው መኖሩን ከአባቱ ጋራ ሲዞር እንዳወቀ ጽፏል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ራሱ ከፋይ ሲሆን ነው፤ እርሱ ግን ገና በልጅነቱ አየው።

ካደገ በኋላ ጠበቃ ሆኖ በማሳቹሴትስ ግዛት በኖርትሃምፕተን ከተማ ተቀመጠ። በ1910 እና በ1911 ዓ.ም. የከተማይቱ ከንቲባ ሳለ ከዕዳዋ ከፈለ፤ ግብሩንም ጥቂት ቀነሰ፤ የአስተማሪዎችን ደመወዝ ግን ጨመረ። ቆጣቢ ሁሉ ንፉግ አይደለምና።

በዚያው በ1910 ዓ.ም. አባቱ ለቬርሞንት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመረጠ። ልጁም ደብዳቤ ጻፈለት፤ መልካም ረቂቅ ከማሳለፍ ይልቅ ክፉው ረቂቅ እንዳያልፍ መከልከል እጅግ እንደሚበልጥ አመለከተው። ረቂቅ ማለት ገና ያልጸደቀ የሕግ ጽሑፍ ነው። ከጸደቀ በኋላ ግን ምክር ቤቱን አይቶ የማያውቀውን ገበሬ እንኳ ያስገድደዋል፤ ክፉ ሕግንም ከማውጣት መሻር ይከብዳል።

ካልቪን ራሱ በ1912 ዓ.ም. ወደ ማሳቹሴትስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ገባ፤ በ1914 ዓ.ም. የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ሆነ። በ1915 ዓ.ም. ሁለተኛ በተመረጠ ጊዜ ያደረገው ንግግር ሃምሳ ቃል አይሞላም ነበረ፤ በመጨረሻውም አባሎቹን ነገር እንዳያስረዝሙ ለመናቸው። ሕግ ሰሪዎች ብዙ መናገር በሚወዱበት ቤት ይህ እንግዳ ነገር ነው።

በ1919 ዓ.ም. አገረ ገዢ ሆኖ ሳለ አንድ ረቂቅ ቀረበለት። የምክር ቤት ሰዎች የራሳቸውን የዓመት ደመወዝ ከ1,000 ዶላር ወደ 1,500 ዶላር ከፍ አድርገው ነበር። እርሱም ቀድሞ ከእነርሱ እንደ አንዱ ነበረ፤ ወዳጅነታቸውም ያስፈልገው ነበረ። ቢፈርም ሁሉም ደስ ይላቸው ነበር፤ ከፋዩ ግን በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ኩሊጅ አልፈርምም ብሎ ረቂቁን መለሰው፤ ወደ ምክር ቤት የሚገባ ሰው ወዶ ለማገልገል እንጂ ለእንጀራው እንዳልገባም ጽፎ ላከላቸው።