ፎርማት ከመባሉ በፊት

ማብሪያውን መደብደብ ይብቃሽ፣ የኔ ቆንጆ። ወንበርሽን ሳብ አድርጊና ቁጭ በይ። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ውስጡ እንዳለ አውቃለሁ፤ ፊትሽ አመድ የመሰለውም ለዚያ ነው። ላፕቶፕ አልነሳ አለ ማለት ግን ጽሑፉ ጠፋ ማለት አይደለም። ፋይልሽ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ስክሪኑ ቢጠቁር፣ ቻርጀሩ ቢሞት፣ ዊንዶውስ ቢበላሽ፣ ዲስኩ ደህና እስከሆነ ድረስ ጽሑፍሽም ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፦ ፋይልሽ ሳይወጣ ማንም «ፎርማት እናድርገው» ቢልሽ እሺ እንዳትይ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ደግሞ ሻይ ፈሶበት ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም። ፈሶበታል? እንግዲያውስ የምነግርሽን ሁሉ ተይው። ቻርጀሩን ንቀይ፣ ማብሪያውን ተጭነሽ አጥፊው፣ «እስቲ ልሞክረው» ብለሽ እንዳታበሪው። የሚገድለው እርጥበቱ ብቻ ሳይሆን እርጥብ እያለ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ነው። በቀጥታ ወደ ባለሙያ ውሰጂው፣ ይከፈትና ይጽዳ።

ካልፈሰሰበት ደግሞ እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው። ጭራሽ መብራት አያሳይም? መብራቱ አለ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው? ወይስ አርማው ይመጣና እዚያው ሲዞር ይውላል? ሦስቱም የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። «አልሠራ አለ» ብቻ ብለሽ ሰው ጋ ብትደውይ ማንም ሊረዳሽ አይችልም።

ጭራሽ ከሞተ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ቻርጀሩን ነው። ከዲቫይደሩ ንቀይውና ግድግዳው ላይ በቀጥታ ስኪው። ሶኬቱ ራሱ እንደሚሠራ በስልክሽ ቻርጀር አረጋግጪ። አክስትሽ ከአሜሪካ ስለላከችው «ትራንስፎርመር ካልገዛሽለት ይቃጠላል» የሚሉሽ ካሉ፣ ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢ። የሚቀበለው ከ100 እስከ 240 ቮልት ከሆነ የኛ 220 ምንም አያደርገውም፤ የሶኬት ጫፍ መቀየሪያ ይበቃዋል። ከጎረቤት ቻርጀር ስታመጪ ደግሞ ጫፉ ስለገባ ብቻ አትስኪ። ክብ ጫፍ ባላቸው ቻርጀሮች ላይ የሚያወጣው ቮልት ከራስሽ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ያንቺ 19.5 ከሆነ ያም 19.5። አምፔሩ ግን እኩል ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ችግር የለውም።

አሁን ቻርጀሩን ንቀይ። ማውሱን፣ ፍላሹን፣ የተሰካውን ሁሉ አውጪ። ባትሪው ከጀርባ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ እሱንም አውጪው። ከዚያ ማብሪያውን ተጭነሽ እስከ 30 ሰከንድ ድረስ እንዳትለቂው። አዎ፣ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ግን ውስጡ ተጠራቅሞ የቀረው ኤሌክትሪክ ይፈሳል። መብራት ሄድ መጣ ሲል የደነዘዘ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በዚህች ብቻ ይነቃል። ቻርጀሩን መልሰሽ ስኪና አብሪው።

ማራገቢያው ይጮኻል፣ ካፕስ ሎክ ስትጫኚ መብራቷ ትበራለች፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው? መብራት አጥፊና የስልክሽን ባትሪ ከጎን በኩል ስክሪኑ ላይ አብሪበት። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየሽ የሞተው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው፣ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኚው። እዚያ ላይ ከመጣልሽ ፍላሽ ስኪና ጽሑፍሽን ኮፒ አድርጊ። ስክሪን ነገ ይሠራል።

ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ጽፎ ዲስክ አላገኘሁም ካለሽ ደግሞ በመጀመሪያ የተረሳ ፍላሽ ተሰክቶ እንደሆነ እዪ፤ ከፍላሹ ሊነሳ እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ከሌለ፣ ስታበሪው ዴል ከሆነ ኤፍ 2ን፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10ን ደጋግመሽ እየነካሽ ባዮስ የሚባለው ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ግቢና ዲስኩ ተዘርዝሮ እንደሆነ ተመልከቺ። የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ኖሮት ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ግን እባክሽ አጥፊው። እያንዳንዱ ሙከራ ዲስኩን ይበልጥ ይፍቀዋል።

አርማው መጥቶ የሚዞረው ነው ያንቺ? እሱ ቀላሉ ነው። አርማው ሲመጣ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ አጥፊው፣ እንደገና አብሪና ድገሚው። ከዚያ ስታበሪው ዊንዶውስ ራሱ የጥገናውን ገጽ ያወጣልሻል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፤ ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥርን ተጫኚ። ይህ ሴፍ ሞድ ነው፤ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ይነሳል። ከተነሳልሽ ፋይልሽን አውጪ፣ ከዚያ በቅርቡ የጫንሽውን ፕሮግራም አጥፊ። ችግሩ ከአፕዴት በኋላ የመጣ ከሆነ እዚያው ጥገናው ገጽ ላይ አፕዴቱን የምታነሺበት ምርጫ አለ።

ይህን መንገድ አትናቂው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጣላቸው፤ የአየር መንገድ በረራ ቆመ፣ ሆስፒታል ተቸገረ። ባለሙያዎቹ ያደረጉት እኮ አሁን እኔ የነገርኩሽን ነው፦ ሴፍ ሞድ ገብተው ያንን ፋይል መሰረዝ።

መሀል ላይ ቢትሎከር ብሎ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ቢጠይቅሽ አትደንግጪ። ዲስክሽ ተቆልፎ ነው። በስልክሽ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትሽ ግቢና ፈልጊ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያ ተቀምጦ ይገኛል። የጥገናው ገጽ ላይ ሪሴት የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው አትንኪው። ኪፕ ማይ ፋይልስ ብትመርጪ እንኳ ፕሮግራሞችሽን ያጠፋል፣ ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ ደግሞ እንደ ስሙ ነው።

ይሄ ሁሉ ካልሆነ ባለሙያ ጋ ሂጂ፣ ግን ላፕቶፑን ጥለሽ እንዳትመጪ። «ዲስኩን ነቅለህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስካልኝና መጀመሪያ ዳታዬን አውጣልኝ» በይው። የሚነቀል ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ለሚያውቅ ሰው ትንሽ ሥራ ናት። «ጊዜ የለኝም፣ ፎርማት ነው የሚሻለው» ካለሽ ዕቃሽን ይዘሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፊ። ፋይሉን ከፍላሹ ላይ ከፍተሽ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ እንዳለ በዓይንሽ አይተሽ ነው ገንዘብ የምትከፍዪው። እዚያው ቆመሽም ለራስሽ በኢሜይል ላኪው፣ ከዚያ ለአማካሪሽ ደውይና ጽሑፉ ነገ እንደሚደርሳቸው ንገሪያቸው።