የኢንተርኔት መዝገበ ቃላትን በምንጭነት ስለ መጥቀስ

እንደሚታወቀው ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፣ ማንም ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርምበት የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፔዲያ ነው። የአማርኛም አለው። እኔም ባለፈው ሴሚስተር «ጋዜጣ» ስለሚለው ቃል አመጣጥ ጥቂት ልጨምር ብዬ ገባሁ። «ቃሉ በቬኒስ ጋዜታ ትባል ከነበረች አነስተኛ የመዳብ ሳንቲም የመጣ ነው፤ ወደ አማርኛም የገባው ከጣሊያንኛ ነው» ብዬ ጻፍኩና ከግርጌ «መሪያም ዌብስተር» የሚል ምንጭ ሰጠሁ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ሳየው የዓረፍተ ነገሬ ግማሽ የለም።

ያወጣው ሰው የሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፦ መዝገበ ቃላቱ የሚናገረው ስለ እንግሊዝኛው «ጋዜት» እንጂ ስለ አማርኛው «ጋዜጣ» አይደለም። መጀመሪያ ተናደድኩ። ገጹን ደግሜ ሳነበው ግን ሰውዬው ልክ ነው። ስለ አማርኛ አንድ ቃል የለበትም። የራሴን ግምት ነው በትልቅ ስም የሸፈንኩት። ግምቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምንጩ ግን አላለውም። ስለ አማርኛ ለመጻፍ የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ለምሳሌ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን ሥራ፣ መግለጥ ነበረብኝ።

ሳንቲሟም ብትሆን ነገሯ አላለቀም። «ኦንላይን ኤቲሞሎጂ ዲክሽነሪ» የሳንቲሟን ስም ራሱን «ጋዛ» ከምትባል ለፍላፊ ወፍ ያመጣዋል፤ ጋዜጣ የተባለው በዋጋው ይሁን በወፏ ወሬኛነት አይወስንም። (ለእኛ ሙያ ወፏ ሳትስማማ አትቀርም!) ምንጮች እንዲህ ሲለያዩ የየራሳቸውን አባባል በየስማቸው ማስቀመጥ እንጂ ደስ ያለንን መርጦ ሌላውን መዋጥ አይገባም።

ሌላው ጥፋቴ አጠቃቀሴ ነው። የታተመ መጽሐፍ እትምና ገጽ አለው። የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ግን ዛሬ ያነበብነው ነገ ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2020 ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታጩት ኤሚ ኮኒ ባሬት በሴኔት ሲጠየቁ ስለ ጾታ ዝንባሌ የተጠቀሙበትን ሐረግ ሴናተር ሜዚ ሂሮኖ አስቀያሚ ነው ብለው ተቃወሙ። በዚያው ቀን መሪያም ዌብስተር በቃሉ ፍቺ ላይ «አስቀያሚ» የሚል ምልክት ጨመረ። አዘጋጆቹ ለውጡ አስቀድሞ የታሰበ እንደነበረና በክርክሩ ምክንያት እንዳፈጠኑት ገለጹ። እንግዲህ ጠዋት የጠቀሰውና ማታ የጠቀሰው ጋዜጠኛ ሁለቱም ያዩትን ነው የጻፉት፤ ቀኑን ካልጻፉ ግን አንዱ ውሸታም ይመስላል።

ስለዚህ የተመለከትነውን ቃል፣ የመዝገበ ቃላቱን ስም፣ ያየንበትን ቀንና የገጹን አድራሻ መጻፍ ያስፈልጋል። ቢቻል ደግሞ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው «ዌይባክ ማሽን» ገጹን አስቀምጦ ያንንም መስጠት ነው። ዊክሽነሪን ግን በምንጭነት አትጥቀሱ፤ እንደ ዊኪፔዲያው ሁሉ ማንም የሚጽፍበት ነውና አይቀበሉትም።

የሳንቲሟን ዓረፍተ ነገር በዚሁ መልክ አስተካክዬዋለሁ። የአማርኛውን ግማሽ ግን ገና አልመለስኩትም፤ ሰኞ ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ።