«ለትርፍ ያልተቋቋመ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት» የሚለውን ስም ሲሰሙ፥ ሣጥኑ ዘወትር ባዶ የሆነ ማኅበር የሚመስላቸው ተማሪዎች ጥቂቶች አይደሉም። ይህ ግን ስሕተት ነው። ማኅበሩ አዳራሽ ቢያከራይ፥ መጽሔት ቢሸጥ፥ በዓመቱም መጨረሻ ከወጪ የተረፈ ገንዘብ ቢገኝ ስሙን አያጣም፤ የሚያጣው የተረፈውን አባሎቹ የተከፋፈሉት እንደ ሆነ ነው። ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ትርፍ መካፈል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 404 ማኅበርን ሲተረጉም፥ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ሰዎች ትርፍ ከማግኘት ወይም ከመካፈል ለተለየ ዓላማ የሚመሠርቱት ኅብረት መሆኑን ያመለክታል። እንግዲህ የሚመረመረው ሣጥኑ ሳይሆን ዓላማው ነው።

ዕድርስ በጎ አድራጎት ነውን? ብዙዎቻችን «አዎን» እንላለን። ነገር ግን ዕድርተኛው በየወሩ ከፍሏል፤ ኀዘን በደረሰበት ቀን ድንኳኑና ገንዘቡ ሲመጡለት የሚቀበለው መብቱን እንጂ ምጽዋት አይደለም። ይኸውም መረዳዳት ይባላል። በጎ አድራጎት የሚባለው ምንም ላላዋጣው ለሌላው ሰው የሚደረገው ነው። ዕቁብም ተራ ጠብቆ የራስን ገንዘብ መቀበል ስለ ሆነ ከሁለቱም ይለያል። በ2001ም ሆነ በ2011 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ዕድርንና ዕቁብን ከውስጣቸው አላስገቡም።

«መንግሥታዊ ያልሆነ» የሚለው ስም ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደ ሆነ አይነግረንም፤ የመርካቶ ሱቅም እኮ መንግሥታዊ አይደለም!

የስም ነገር ቀላል የሚመስለው ቢኖር አዋጅ ቁጥር 621/2001ን ይመልከት። በዚህ አዋጅ «የኢትዮጵያ» የሚባለው ድርጅት ከገቢው ከመቶ 10 የማይበልጠውን ብቻ ከውጭ አገር የሚያገኝ ነበር። ከዚህ ያለፈ ከተቀበለ፥ መሥራቾቹ በሙሉ ኢትዮጵያውያን ቢሆኑም እንኳ «የኢትዮጵያ ነዋሪዎች» ይባል ነበር። ልዩነቱም የማኅተም ጽሑፍ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ሰብአዊ መብት፥ ስለ ሴቶችና ስለ ሕፃናት መብት መሥራት የተፈቀደው ለፊተኛው ብቻ ነበርና። «ነዋሪዎች» የምትል አንዲት ቃል የተጨመረችበት ማኅበር ለተበደለች ሴት ጥብቅና የመቆም ሥራውን ይተዋል ማለት ነው።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ክፍፍል ሻረው። «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት» የሚል የወል ስም ሰጥቶ፥ «አገር በቀል» እና «የውጭ» ብሎ ሲለያቸው፥ የአገር በቀሉ መለኪያ መሥራቾቹና የተመዘገበበት አገር እንጂ የገንዘቡ ምንጭ አልሆነም።