የመንደር ውኃ ፓምፕ አሠራርና ቁጥጥር

ድርቅ በደረሰበት ወይም ሰፋሪዎች በአዲስ መልክ በተቋቋሙበት አካባቢ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፕ መተከሉ ብቻ የውኃ ችግር ተወግዷል አያሰኝም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ሌሎች አካባቢዎች 600,000 ያህል ሕዝብ እንዲዛወር በተደረገበት ጊዜ፣ በአንድ ሥፍራ በድንገት የተሰበሰበ ሕዝብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ንጹሕ ውኃ መሆኑ በግልጽ ታይቷል። ፓምፑ ሲቆም ሕዝቡ ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ ይመለሳል፤ ተቅማጥና ሌሎች በውኃ የሚተላለፉ በሽታዎችም ይከተላሉ። በመሆኑም የፓምፕ ቁጥጥር ለመካኒክ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ሁለቱ የውኃ ከፍታዎች

አነስተኛ የመንደር ውኃ አገልግሎት ጉድጓድ፣ ፓምፕ፣ በከፍታ ላይ የተሠራ ማጠራቀሚያና ቦኖዎች ይኖሩታል። ፓምፑ የሚነሣበትና የሚቆምበት ጊዜ በሁለት ከፍታዎች ይወሰናል፤ አንደኛው በማጠራቀሚያው፣ ሁለተኛው በጉድጓዱ ውስጥ ያለው የውኃ ከፍታ ነው።

በማጠራቀሚያው ውስጥ የሚንሳፈፍ ማብሪያና ማጥፊያ ይገጠማል። ውኃው ዝቅ ሲል ፓምፑን ያስነሣል፤ ሲሞላ ያቆማል። በመነሻውና በማቆሚያው ምልክት መካከል በቂ ርቀት ሊኖር ይገባል። ርቀቱ ጠባብ ከሆነ ሞተሩ በየጥቂት ደቂቃው ይነሣል። የኤሌክትሪክ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት የሚስበው ኃይል በመደበኛ ሥራው ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን፣ መነሣቱ ሲደጋገም የውስጡ ሽቦ ግሎ ይቃጠላል።

በጉድጓዱ በኩል ደግሞ ውኃው ከፓምፑ በላይ ወደ ተወሰነው ምልክት ሲወርድ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። በጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በውኃው ስለሆነ፣ በደረቁ ቢሽከረከር በአጭር ጊዜ ይበላሻል። ማጠራቀሚያው «ተነሣ»፣ ጉድጓዱ «ቁም» ባሉ ጊዜ ምንጊዜም የሚጸናው የጉድጓዱ ትእዛዝ ነው።

ኃይሉ ከናፍጣ ጄኔሬተር በሚገኝበት መንደር ሞተሩን የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው ራሱ ነው። እንዲህም ሆኖ የጉድጓዱ መከላከያ ሊቀር አይገባም።

በድርቅ ጊዜ የሚፈጠረው ስሕተት

ድርቅ ሲበረታ የጉድጓዱ ውኃ ይወርዳል፤ በቦኖ የሚሰለፈው ሕዝብም ይበዛል። መከላከያው ፓምፑን ደጋግሞ ሲያቆም፣ በወረፋው የተጨነቀ ሠራተኛ መሣሪያውን በሽቦ አልፎ ሞተሩን በግድ ለማሠራት ይፈተናል። ውጤቱ የዕለት ጥቂት ባልዲ ውኃና ለብዙ ሳምንታት የቆመ ፓምፕ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ፓምፑን ለአጭር ጊዜ አሠርቶ ጉድጓዱ እስኪያገግም ማሳረፍ፣ የቦኖዎችን የመክፈቻ ሰዓት ወስኖ ለሕዝቡ አስቀድሞ ማስታወቅና የጎደለውን በቦቴ ማሟላት ነው። ይህም ውሳኔ የፓምፕ ሠራተኛው ብቻ ሊሸከመው የሚችል ስላልሆነ ኃላፊዎች ከጎኑ ሊቆሙ ይገባል።

ቀላል ስሌት

1,000 ነዋሪዎች ላሉበት መንደር ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢመደብ በጠቅላላው 15,000 ሊትር ያስፈልጋል። በሴኮንድ 2 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ይህን መጠን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ያወጣል። የፓምፑን አቅም ለማወቅ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በመውጫው ቧንቧ ሥር አኑሮ የሚሞላበትን ጊዜ መቁጠር ይበቃል፤ ከላይ የተጠቀሰው ፓምፕ በ100 ሴኮንድ ይሞላዋል። በርሜሉ 200 ሴኮንድ ከፈጀ የፓምፑ አቅም በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው። በርሜሉ በጊዜው እየሞላ የሥራው ሰዓት ከረዘመ ግን፣ ቧንቧው እንደሚያፈስ ወይም ተጠቃሚው እንደ ጨመረ መመርመር ይገባል።

መዝገብ

ሠራተኛው በየቀኑ ፓምፑ የተነሣበትንና የቆመበትን ሰዓት፣ ከመነሣቱ በፊትና ከቆመ በኋላ ያለውን የጉድጓድ ውኃ ጥልቀት፣ የፈጀውን ናፍጣና የታየውን ብልሽት ይመዘግባል። ጥልቀቱ ከሳምንት ሳምንት እየራቀ መሄዱ ጉድጓዱ እየደከመ ለመሆኑ ቀዳሚ ማስጠንቀቂያ ነው። መንደሩን የሚጎበኝ ኃላፊም ቦኖው መፍሰሱን አይቶ ብቻ ሳይመለስ መዝገቡን ገልጦ ቢያነብ፣ ቦቴና መለዋወጫ ውኃው ከመቋረጡ በፊት ለመጠየቅ ጊዜ ያገኛል።