ለጀማሪዋ የሒሳብ ሠራተኛ፦ ስለ ቀንና ስለ ቁጥሩ

ልጄ፣ ደመወዙም፣ የዓመት ፈቃዱም፣ የብድር ወለዱም በቀን ላይ የቆመ ነው። ብሩን ሁሉም ሰው ደጋግሞ ይደምራል፤ ቀኑን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሥራሽን ኤክሴል ላይ የምትሠሪ ከሆነ እነዚህን ያዢልኝ።

1. ኤክሴል የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ቀን አይደለም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምርና በየዕለቱ አንድ ይጨምራል። የእኛ መስከረም 1 ቀን 2017፣ ማለትም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024፣ ለእሱ 45546 ነው። ሴሉ ላይ የሚታየው ቀን ልብሱ ነው፤ ፎርማቱን ወደ ጄኔራል ስትቀይሪው ቁጥሩ ይወጣል። ሁለት ቀን አቀናንሰሽ መልሱ የ1900 ቀን መስሎ ቢመጣብሽ አትደንግጪ፣ ፎርማቱን ብቻ ወደ ቁጥር መልሺው።

2. የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ቀን ሴል ውስጥ አትጻፊ። ዋናው ምክሬ ይህ ነው። እስኪ ጥቅምት 1ን 1/2/2017፣ ኅዳር 1ን 1/3/2017 ብለሽ ጻፊና አቀናንሺ። በመካከላቸው 30 ቀን እንዳለ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ኮምፒውተሩ ቀንን አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ ግን ፌብሩዋሪ 1 እና ማርች 1 ናቸው ብሎ 28 ይልሻል። በአሜሪካኖቹ ልማድ ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ ጃንዋሪ 2 እና ጃንዋሪ 3 ያደርጋቸውና 1 ይሰጥሻል። ተሳስተሻል ብሎ አይጮህም፤ ቁጥሩ ዝም ብሎ ወለዱ ውስጥ ይገባል።

ጥቅምት 30ን በ30/2/2017 ስትጽፊስ? ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ወደ ቀኝ፣ ከፊሉ ወደ ግራ ተጠግቶ ካየሽ ነገሩ ይኸው ነው፤ ቁጥር የሆነው ቀኙን፣ ጽሑፍ የሆነው ግራውን ይይዛል። እንዲያምር ብለሽ ዓምዱን መሃል ላይ አታሰልፊው፣ ምልክቱን ታጠፊዋለሽ።

3. ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያይተሽ መዝግቢ። ቀኑ ኤ2፣ ወሩ ቢ2፣ ዓመቱ ሲ2 ላይ ከሆነ አራተኛው ዓምድ ላይ ይህን አስገቢ፤ ፊደሎቹን እርግጥ በላቲን ትጽፊያቸዋለሽ፦

=365*ሲ2+ኢንት(ሲ2/4)+30*ቢ2+ኤ2-691194

ዓመቱ 365፣ ወሩ 30 ቀን ነው። ጳጉሜ 6 የምትሆንበትን ቀን የሚጨምረው ኢንት ነው። መጨረሻ ላይ የሚቀነሰው ቁጥር የእኛን አቆጣጠር ከኤክሴሉ ጋር ያገናኛል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብለሽ አስገቢ። ወሮቻችን እኩል መሆናቸው ለፎርሙላ ሠሪ እንዴት ያለ ጸጋ መሰለሽ!

4. ወር ለመዝለል የሚያገለግለው ኢዴት የሚዘልለው በፈረንጅ ወር ነው። የብድሩ ውል በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ 30 ጨምሪ። ከነሐሴ ወደ መስከረም ስትሻገሪ ግን 35 ወይም 36 ነው፤ ወለዱ በቀን የሚታሰብ ከሆነ ጳጉሜም ወለድ አላት። የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ሐምሌ 1 በዚህ ዘመን ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ይውላል። መስከረም 1 ግን ከጳጉሜ 6 በኋላ ሲመጣ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል።

5. ደረሰኝ ላይ ቱደይ የሚለውን ፎርሙላ አትጠቀሚ፤ ነገ ስትከፍቺው ቀኑም አብሮ ነገ ይሆናል። ኮንትሮልን ይዘሽ ሰሚኮሎንን ተጫኚ፣ የዛሬው ቀን ተጽፎ ይቀራል።

6. ሰዓት የቀን ክፍልፋይ ነው። እኩለ ቀን 0.5፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 0.375 ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ማታ 12 ገብቶ ጠዋት 12 ቢወጣ፣ እንደፈረመው ከጻፍሽው ልዩነቱ ዜሮ ይሆንና ሰውየው ሌሊቱን በነጻ ያደረ ይመስላል። 18:00 እና 6:00 ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ =ሞድ(መውጫ-መግቢያ,1)። 0.5 ይመጣል፤ በ24 ስታባዢው 12 ሰዓት ነው። የሰው እንጀራ ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩዪ።

7. ኤክሴል ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 የሚባል፣ በዓለም ላይ ያልነበረ ቀን 60ኛ አድርጎ ይቆጥራል። ሎተስ 1-2-3 ከተባለው የቀድሞ ፕሮግራም ጋር እንዲጣጣም ሲባል የቀረ ስህተት ነው፤ አንቺን አይነካሽም። የሚነካሽ ከ1904 የሚጀምር የድሮ የማክ ፋይል ነው። ከእሱ ቀን ገልብጠሽ ስትለጥፊ 1462 ቀን ይዛነፋል።

8. የተራ ቁጥር 3ን ፎርሙላ ስትጨርሺ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን አስገቢ፣ ቀጥለሽ መስከረም 1 ቀን 2016ን። መልሱ 45180 እና 45181 መሆን አለበት። ካልሆነ ፋይሉን ለማንም እንዳትልኪ።