ሽንታችን ስለ ኩላሊታችን ምን ይነግረናል?

በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ለገበያ፣ ለለቅሶ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ቡሬ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ገበዝ ማርያም ስትጓዙ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። ብዙ እናቶች «መንገድ ላይ ሽንቴ ቢመጣ የት እገባለሁ?» በማለት ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ማታ ቤታቸው ሲደርሱ የሚወጣው ሽንት ጥቂት፣ መልኩ ወደ ሻይ የቀረበ፣ ሽታውም የከረረ ይሆናል። ይህ ለምን ሆነ? ጉዳትስ ያመጣል? ባልና ሚስት ሆናችሁ አብራችሁ እንድታነቡት በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

ኩላሊት እንዴት ይሠራል?

ኩላሊቶቻችን ከወገባችን ከፍ ብሎ በአከርካሪያችን ግራና ቀኝ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው የተጨበጠ እጅ ያህላሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል ረቂቅ ማጣሪያዎች አሉ። እነዚህ ማጣሪያዎች በ24 ሰዓት ውስጥ ከደም 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 9 ጀሪካን ይሆናል። ሁሉም በሽንት ቢወጣ ኖሮ በሕይወት መቆየት ባልቻልን ነበር። ነገር ግን ከ100 እጅ 99ኙ እጅ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፤ በሽንት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው።

ምን ያህል ውሃ እንደሚመለስ የሚወስነው በደማችን ውስጥ ያለው የውሃና የጨው ሚዛን ነው። ላብ ሲያልበን ወይም ውሃ ሳንጠጣ ስንውል ደማችን ጨው ይበዛበታል። አንጎላችን ይህን ሲያውቅ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ውሃ እንዲጠማን ያደርጋል፣ እንዲሁም ሆርሞን ወደ ደም በመልቀቅ ኩላሊትን «ውሃውን መልሰህ አስቀር» ብሎ ያዝዛል። በዚህ ጊዜ ሽንት ያንሳል፣ ይወፍራል፣ ይጠቁራል። ውሃ ስንጠጣ ደግሞ ሆርሞኑ ይቀንስና ሽንታችን በዝቶና ቀጥኖ ይወጣል።

ሆኖም ለቁጠባው ልክ አለው። ጤነኛ ኩላሊት ሽንትን ማወፈር የሚችለው ከደም 4 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ቆሻሻውን ከሰውነት ለማስወገድም በቀን ቢያንስ ግማሽ ሊትር ያህል ሽንት መውጣት አለበት። ኩላሊት ውሃ ይቆጥባል እንጂ ውሃ አይፈጥርም። ስለዚህ ጠቆር ያለ ጥቂት ሽንት «ውሃ ስጡኝ» የሚል የሰውነት መልእክት ነው።

«ቢራ ኩላሊት ያጥባል» ይባላል

ይህ አባባል ትክክል አይደለም። ቢራ፣ ጠጅ፣ ጠላና አረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ውሃ ቆጣቢውን ሆርሞን ያዳክመዋል። ሽንት የሚበዛውም ለዚህ ነው። ከመጠጥ በኋላ ሌሊት አፍ የሚደርቀው ሰውነት ውሃ ስለጎደለው ነው።

በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ

በእርግዝና ወቅት ኩላሊት የሚያጣራው ፈሳሽ በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ማሕፀንም ፊኛን ይጫናል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ቶሎ ቶሎ መሽናቷ የተፈጥሮ ነገር ነው። ሽንት ለመቀነስ ብላ ውሃ መተው የለባትም። በዚህ ወቅት የሽንት መተላለፊያ ቱቦዎች ስለሚላሉ ሽንት ይቆያል፤ ሕዋስያንም በቀላሉ ይራባሉ። ሕክምና ያላገኘ የሽንት ልክፈት ወደ ኩላሊት ሊወጣና ያለጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል።

የምታጠባ እናት በቀን ሩብ ጉዳይ ለ1 ሊትር ያህል ወተት ትሰጣለች። ወተቱ አብዛኛው ውሃ ነው። አባት ሆይ፣ ባለቤትህ ለማጥባት ስትቀመጥ ንጹሕ ውሃ በአጠገቧ ብታኖርላት ትልቅ እርዳታ ነው። ሕፃኑ ግን እስከ 6 ወር ድረስ በሙቀት ወራት እንኳ ከእናት ጡት ወተት ሌላ ውሃ አያስፈልገውም። ስለ ጾም ደግሞ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢመካከሩ መልካም ነው።

ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ሲሸኑ ማቃጠል፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ትኩሳትና የጎን ሕመም፤
• በእርግዝና ጊዜ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፤ ይህ ለነገ አይባልም፤
• ብዙ ሽንት ከብዙ ውሃ ጥምና ከክብደት መቀነስ ጋር፤ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል፤
• ውሃ ጠጥተውም የማይለወጥ የጠቆረ ሽንት።

ቀይ ሥር መብላት ወይም ሪፋምፒሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሽንትን ሊያቀላ ይችላል። ይህን ለሐኪሙ ንገሩት፤ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።

አገራችን በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምራለች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ንቅለ ተከላ ኩላሊት የሚለግስ ሰው ይጠይቃል፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን በጊዜ መመርመርና መቆጣጠር ከዚህ ሁሉ ያድናል።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ሽንታችሁ እንደ ገለባ ፈዛዛ ቢጫ እስኪሆን ድረስ ንጹሕ ውሃ ጠጡ። በሙቀትና በሥራ ቀን ጨምሩ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ሽንትን ለረጅም ሰዓት አትቋጥሩ። ከሁሉም በላይ፣ ባል ሆይ፣ ሚስትህ ውሃ የማትጠጣው መጸዳጃ ስለሌለ መሆኑን ጠይቃት። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ከፋርማሲ አይገኝም፤ በግቢያችሁ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ግድግዳና በር ያለው መጸዳጃ ማቆም ነው።